የኔታ ያመጡት ሙሉ ነጥብ

ዘንድሮ በአርባ ዘጠኝ ዓመቴ የአንደኛ ዓመት የነርስነት ተማሪ ሆኛለሁ። አብረውኝ የሚማሩት ልጆች ቢበዛ ሃያ ዓመት ቢሆናቸው ነው። ከፊት ወንበር እቀመጣለሁ፤ መምህራችን የተናገረውን ሁሉ እጽፋለሁ፤ የቤት ሥራዬን ከቀኑ አስቀድሜ አስረክባለሁ። በመጀመሪያው ሳምንት አጠገቤ የተቀመጠች ልጅ ወደ እኔ ዞራ፣ «እትዬ፣ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ ነበር የሚሉት እውነት ነው?» አለችኝ።

«እውነት ነው» አልኋት።

«ታዲያ እዚህ ምን ይሠራሉ? ትምህርት ወደ ኋላም ይኬዳል እንዴ?»

ክፍሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ጥያቄው ግን ሲከተለኝ ዋለ። ልጅቷ በሁለት ዐረፍተ ነገር የምትረካ አልመሰለችኝም፤ እኔም በሁለት ዐረፍተ ነገር የምመልሰው አይደለም። ስለዚህ የሠራሁትን ሥራና የተውሁበትን ምክንያት በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ዘጠኝ ዓመት በአንድ ዩኒቨርሲቲ የጤና ስታቲስቲክስ አስተማርሁ። የምመራመረው ስለ እርጅና ነበር። ሌሎች ሰዎች ሰብስበው ያስቀመጡትን መረጃ ከኮምፒውተር አወጣለሁ፤ እደምራለሁ፤ አወዳድራለሁ፤ እጽፋለሁ። አንድም የሽማግሌ ቤት ሳልረግጥ ስለ ሽማግሎች ሦስት ጽሑፍ አሳተምሁ። ከዚያ አንድ ጊዜ ለለቅሶ ወደ ተወለድሁበት ወደ ብቸና ሄድሁ። ድንኳኑ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡ አንዲት እማሆይ፣ «ስለ እኛ ስለ አሮጌዎቹ ትጽፊያለሽ አሉ፤ ምን ብለሽ ጻፍሽ?» ብለው ጠየቁኝ። አስቤ አስቤ ለእሳቸው የሚሆን አንድ ነገር አጣሁ። «ብዙ ነገር» አልኋቸው። «እኮ ብዙው ምንድን ነው?» አሉ። ሌላ ሰው ገብቶ ልቅሶው ተነሣና ዳንሁ።

በዚያው ዓመት አንድ የምርምር ድርጅት ብቸና ላይ ትንሽ ቢሮ ከፈተ። ሥራው በብቸናና በሞጣ ዙሪያ ከስልሳ ዓመት በላይ የሆናቸውን ሰዎች በየዓመቱ እየዞሩ ማየት ነው፦ ጉልበታቸውን፣ አረማመዳቸውን፣ ዓይናቸውን፣ የማስታወስ ችሎታቸውን። የመስክ ተመራማሪ ይፈልጉ ነበርና አመለከትሁ። የክፍላችን ኃላፊ ማመልከቻዬን አንብቦ መነጽሩን አወለቀ።

«ጓደኞችሽ አንዱ መድኃኒት አስመጪ ዘንድ ገባ፤ አንዷ ሚኒስቴር ገባች። እሱስ ይሁን። አንቺ ግን ቤት ለቤት ልትዞሪ ነው?»

«አዎ» አልሁ።

«ዶክትሬትሽን ጀምረሽ?»

«አዎ።»

«በይ እንግዲህ፤ ውሻ እንዳይነክስሽ» አለና ፈረመልኝ።

ደመወዙ ትንሽ ይሻላል፤ ውሉ ግን በየዓመቱ ነው የሚታደሰው። ስለ ውሉ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

ብቸና ላይ ሥራውን ያስተማሩኝ አቶ ይስማው ናቸው። የአንደኛ ደረጃ መምህር የነበሩ፣ በኋላም በሕዝብ ቆጠራና በጥናት ሥራ ብዙ አገር የዞሩ፣ ረጅም ቀጭን ሰው። ዲግሪ የላቸውም። በወረቀት እኔ የበላያቸው ነበርሁ፤ በሥራው ግን ተማሪያቸው።

በመጀመሪያው ቀን አንድ ገበሬ ቤት ገባንና ቅጹ ላይ እንደተጻፈው፣ «አባቴ፣ ዕድሜዎ ስንት ነው?» ብዬ ጠየቅሁ።

«መቶ» አሉ ሽማግሌው።

ባለቤታቸው ከጓዳ ብቅ አሉ። «መቶ? አምና ሰማንያ አልነበርህም እንዴ?»

«ዘንድሮ ከበደኛ!»

አቶ ይስማው ሳቁና እርሳሴን በጣታቸው ጫፍ ወደ ታች ተጫኑት። «ጋሼ፣ ጣሊያን ሲወጣ ያዩ ነዎት ወይስ ሲወራ የሰሙ?» ብለው ጀመሩ። ከዚያ ደርግ መሬት ሲያከፋፍል ስንት ልጅ እንደነበራቸው ጠየቁ፤ ከዚያ በማኅበር ሲቀመጡ ከጎረቤታቸው ከማን በላይ ከማን በታች እንደሚሆኑ ጠየቁ። የጎረቤትየውን ዕድሜ ትናንት አግኝተነው ነበር። በሩብ ሰዓት ውስጥ ሽማግሌው ሰባ አራት ሆኑ። ስንወጣ አቶ ይስማው፣ «ዕድሜ ይፈለጋል እንጂ አይጠየቅም» አሉኝ። እውነቱን ለመናገር ዘጠኝ ዓመት በዕድሜ ስከፋፍላቸው የነበሩት ቁጥሮች በሙሉ በዚያች ቀን ተጠራጠርኋቸው።

ሌላም ብዙ ተማርሁ። የእግር ጉልበት የሚለካው አሮጊቷ ወይም ሽማግሌው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው ከወንበር አምስት ጊዜ ሲነሡ ነው። በየቤቱ ግን ያለው መደብ ነው፤ ዕድሜ ልካቸውን ወንበር ላይ ያልተቀመጡ እናቶች ወንበሩን ራሱን ይፈሩታል። ስለዚህ አቶ ይስማው አንድ የእንጨት ወንበር በትከሻቸው ተሸክመው ይዞሩ ነበር፤ ሴቶቹም «ወንበር ነጋዴው መጣ!» ይሏቸዋል። መጀመሪያ ለወሬ ያስቀምጡበታል፤ የሚለኩት ፍርሃቱ ሲወጣ ነው። መለኪያ ሜትራችን በዝናብ ተበላሽቶ ስለነበር የአረማመዱን ርቀት የሚለኩት ሁለት ቋጠሮ ባለው ገመድ ነው። በመስክ በእርሳስ ይጽፋሉ፤ በብዕር የሚያጸኑት ማታ ሳይሆን በማግሥቱ ነው። «ያየሁት ነገር አንድ ሌሊት ይደር» ይላሉ።

ከሁሉ በላይ ግን ሁለት ልማድ ነበራቸው። አንደኛው፣ ከቤቱ ሰው መካከል የሽማግሌውን ልብስ የሚያጥበው ማን እንደሆነ ጠይቀው ያንን ሰው ለብቻ ያነጋግራሉ። «ልጅ ይዋሻል፤ ሽማግሌውም ያፍራል፤ ልብስ አጣቢ ግን ሁሉን ያውቃል» ይሉ ነበር። ሁለተኛው፣ በሳምንቱ ወረቀት ሳይዙ ባዶ እጃቸውን ተመልሰው ይሄዳሉ። ደጃፍ ላይ ይቀመጣሉ፤ ሽማግሌው እንጨት ሲያነሣ፣ በር ሲዘጋ፣ ሰው በስም ሲጠራ ያያሉ። መመሪያው ላይ ይህ የለም። ቀን ይፈጃል። አዲስ አበባ ያለው አስተባባሪያችን ስልክ በደወለ ቁጥር፣ «የብቸናው ቡድን ለምን ይዘገያል?» ይል ነበር፤ እሳቸው ደግሞ «ሽማግሌ ስለምንጠይቅ» ብለው ይመልሱ ነበር።

በሦስተኛው ዓመት የሞጣውን ቡድን እንድመራ ተላክሁ። አቶ ይስማው ብቸና ቀሩ። ደስ ብሎኝ ሄድሁ፤ ብቻዬን እንደምችል ማሳየት ፈለግሁ። አስተባባሪውም በየሳምንቱ ቁጥራችንን እያየ «ጎበዝ፣ ሞጣ እየቀደመ ነው» ሲለኝ ሽልማት ያገኘሁ ይመስለኝ ነበር። ያንን ቃል ለመስማት ስል ባዶ እጅ መመለሱን ተውሁት። አንድ ቤት በአንድ ቀን፣ ከዚያም ሁለት ቤት በአንድ ቀን ሆነ።

የኔታ አምሳሉ ቤት የገባሁት በዚያ ጊዜ ነው። ከሞጣ ወጣ ብሎ በእግር አንድ ሰዓት ከሚያስኬድ ቦታ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ከሚገኝበት ኮረብታ ሥር የሚኖሩ የቅኔ መምህር ናቸው። ባለቤታቸው ሞተዋል። ልጃቸው ትብለጥ ባሕር ዳር የሁለተኛ ደረጃ መምህርት ናት፤ ያለ ደመወዝ ፈቃድ ወስዳ አባቷን ለማየት መጥታ ነበር። ልብሳቸውን የምታጥበው እሷ ናት። ይህን አልረሳሁም ነበር፤ ጠየቅኋትም።

ትብለጥ አጥሩ ሥር ወስዳ አቆመችኝ።

«ተማሪዎቹ ሄደዋል» አለችኝ። «ታውቂያለሽ፣ የቅኔ መምህር በየዕለቱ አዲስ ቅኔ ነው ለተማሪ የሚነግረው። አባዬ ሦስት ሳምንት ሙሉ አንዱን ቅኔ ነገሯቸው። ልጆቹ መጀመሪያ ሊፈትኗቸው መሰላቸው። በኋላ አፍረው ዝም አሉ። በኋላ አንድ አንድ እያሉ ወደ ሌላ ጉባኤ ቤት ሄዱ። አንዱ እንኳ ምክንያቱን አልነገራቸውም።»

«ሌላስ?»

«በእናቴ ስም ይጠሩኛል። ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ በታችኛው መንገድ ወርደው ሰው መለሳቸው። እሳቸው ግን ‹ምንም አልሆንሁም፣ ለእግሬ ብዬ ነው› ይላሉ። ፈቃዴ ሰኞ ያልቃል። ካልተመለስሁ ቦታዬን ለሌላ ይሰጡታል። ብሄድ ደግሞ የሚጠብቃቸው የለም። በእግዜር፣ አንቺ የተማርሽ ነሽ፤ መርምረሽ ንገሪኝ። ልቅር ወይስ ልሂድ?»

የነገረችኝን በሙሉ ጻፍሁት። ቅጹ ላይ በመጨረሻው ገጽ «ሌላ አስተያየት» የሚል መስመር አለ፤ የጻፍሁት እዚያ ነው።

የኔታ በሩ አጠገብ መደብ ላይ ተቀምጠው ጠበቁኝ። ነጭ ጋቢ ለብሰዋል፤ መቁጠሪያቸው በእጃቸው ነው። ዕለቱን ስጠይቃቸው «ሚካኤል» አሉ፤ ልክ ነበሩ። ከዚያ የማስታወሱ ፈተና መጣ። አሥር ቃላት አነብባለሁ፤ ሽማግሌው ይደግማሉ። ከዚያ ስለ ምግብና ስለ እንቅልፍ በሌላ ጥያቄ ሐሳባቸውን አስይዛለሁ፤ ከሩብ ሰዓት በኋላ ቃላቱን ሳላነብ እንደገና እጠይቃለሁ። ፈተናው ያለው በዚያ መካከል ባለችው ሩብ ሰዓት ነው።

ቃላቱን አነበብሁላቸው፤ ደገሙ። ከዚያ «የኔታ፣ ትናንት ማታ ምን ተመገቡ?» ብዬ ጀመርሁ።

የኔታ ጣታቸውን አነሡ። «ጥቂት ታገሺኝ፣ ልጄ።»

ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ መቁጠሪያው ከጣት ወደ ጣት ያልፋል። ጸሎት ላይ ያለ ሰው አይነካም፤ ያውም መምህር። እርሳሴን አስቀምጬ አንገቴን ደፍቼ ጠበቅሁ። ስለ ምግብም ስለ እንቅልፍም አንድ ነገር አልጠየቅሁ። ሩብ ሰዓቱ አለፈ። በልቤ እንዲያውም አደነቅኋቸው።

ዓይናቸውን ሲገልጡ፣ «የኔታ፣ ቅድም ያነበብሁልዎትን ቃላት ይንገሩኝ» አልኋቸው። አሥሩንም ነገሩኝ፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ በተራ።

ከመቶ በላይ ሰው ጠይቄ አሥሩን የመለሰ አላየሁም ነበር። ደነገጥሁ፤ ደስም አለኝ።

«ስንት አገኘሁ?» አሉኝ ልክ እንደ ተማሪ ወደ ፊት ዘንበል ብለው።

«ሙሉ ነው የኔታ። ከኔም ይበልጣሉ።»

«እንግዲያው ለትብለጥ ንገሪልኝ። ካገርዎ ካላወጣሁዎ ትለኛለች። ጉባኤዬን ትቼ ባሕር ዳር ፎቅ ቤት ልቀመጥ?»

ውጤት ለቤተሰብ መንገር በሥራችን ክልክል ነው። የምንለካው ለጥናት እንጂ ለሕክምና አይደለም፤ አንድ ፈተናም በሽታ አለ ወይም የለም አያሰኝም። ይህን ሕግ ለረዳቶቼ ያስተማርሁት እኔ ነኝ። ነገር ግን የኔታ ፊታቸው በርቶ ያዩኛል፤ ትብለጥም ደጅ ቆማ ትጠብቃለች። ሁለቱንም ደስ ላሰኛቸው ፈለግሁ። ሁለቱንም የሚያስደስት መልስ ደግሞ በእጄ ነበር።

«አትስጊ፤ ሙሉ ነጥብ ነው ያገኙት» አልኋት። «የመርሳት ነገር ቢኖር እዚህ ላይ ይታይ ነበር። ሂጂ።»

ትብለጥ ጉልበቴን ልትስም አጎነበሰች፤ ያዝኋት። ሰኞ በሚኒባስ ባሕር ዳር ሄደች።

በአምስተኛው ሳምንት ይመስለኛል፣ አንዱ ረዳቴ ቢሮ ገብቶ ቆመ። «የኔታ አምሳሉ ጠፍተዋል» አለኝ። ጧት ለቅዳሴ ብለው ወጥተው ቤተ ክርስቲያን አልደረሱም። የአካባቢው ሰው ሁሉ ወጣ፤ እኔም ወጣሁ። በኮረብታው በኩል ያለውን መንገድ ሁሉ ፈለግን፤ ሰው ወደሚያውቀው ይሄዳል ብለን። በሦስተኛው ቀን እንጨት ሊቆርጡ የወረዱ ሰዎች በታችኛው መንገድ መጨረሻ፣ ከወንዙ ገደል ሥር አገኟቸው። ያ መንገድ ትብለጥ አጥሩ ሥር ቆማ የነገረችኝ መንገድ ነው። የመጨረሻው ገጽ ላይ በእጄ ጽፌዋለሁ።

ከቀብሩ በኋላ አቶ ይስማው ከብቸና መጡ። ማንም አልጠራቸውም። ሻይ እንኳ ሳይጠጡ «ቅጹን አምጪው» አሉ። በሙሉ አነበቡት፤ ቀስ ብለው ነው የሚያነቡት።

«ቃላቱን የነገሩሽ በተራ ነው?»

«በተራ።»

«ሰው በተራ አያስታውስም። ከኋላ ያለችውን ያነሣል፤ ወደ ፊት ይዘልላል። እጃቸው ምን ይዞ ነበር?»

«መቁጠሪያ።»

አቶ ይስማው ቅጹን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። «ጸሎት አልነበረም እኮ» አሉ።

ያን ጊዜ ገባኝ። ሕይወታቸውን በሙሉ በቃል የተማሩና በቃል ያስተማሩ ሰው ናቸው። ቃላቱን በመቁጠሪያው ፍሬ ላይ አንድ በአንድ አስቀምጠው ሩብ ሰዓት ሙሉ ሲደግሟቸው ነበር። ልንለካው የፈለግነው ያ ባዶ ሩብ ሰዓት በጭራሽ አልነበረም። ለምን እንዲህ እንዳደረጉም ገባኝ። አእምሯቸው እየከዳቸው እንደሆነ ከሁላችንም በፊት ያወቁት እሳቸው ናቸው። ቤታቸውን ላለማጣት ፈተናውን ማለፍ ነበረባቸው፤ አለፉ። ያሳለፍኋቸው እኔ ነኝ።

«ጸሎት አቋርጬ ላስቆማቸው ነበር?» አልሁ። ድምፄ እንደ ተቆጣ ሰው ሆነ።

«አይ፤ እኔም አላስቆምም ነበር» አሉ። «ሌላ ቀን እመለስ ነበር እንጂ። አዲስ ቅኔ ይንገሩኝ እላቸው ነበር። ልጅቱ እኮ ነግራሻለች። ያችን የመሰለች ነገር የት ነው የጻፍሻት? ‹ሌላ አስተያየት›! እሱን መስመር ማን ያነብበዋል?»

ቅጹን አጥፈው መለሱልኝ። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

ለአስተባባሪው ደብዳቤ ጻፍሁ። ፈተናው በአግባቡ እንዳልተሰጠ፣ ውጤቱ መሰረዝ እንዳለበት አስረዳሁ። የዚያ ዓመት መረጃ ተጣርቶ ተዘግቷል፤ የተዘጋ መረጃ አይነካም አለኝ። «አንድ ሰው አማካዩን አይለውጥም፤ አትጨነቂ» ብሎም ጨመረበት። እኔም ክፍል ውስጥ ለተማሪዎቼ ስንት ጊዜ ብዬዋለሁ ይህንን! ስሕተት የለውም። አንድ ሰው አማካዩን አይለውጥም።

ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ያህል ሠራሁ። ባዶ እጄን መመለስ እንደገና ጀመርሁ፤ ሞጣ ወደ ኋላ ቀረ፤ ስልኩም ቀዘቀዘ። አቶ ይስማው ጉልበታቸው ታሞ ወንበሩን መሸከም ሲያቅታቸው ተሰናበቱ። ከዚያ መንገዱ አንድ ሳምንት እየተከፈተ ሁለት ሳምንት እየተዘጋ ሄደ፤ ድርጅቱም ቢሮዎቹን ዘጋ። ዩኒቨርሲቲው ተመለሽ ብሎኝ ነበር። የክፍላችን ኃላፊ በስልክ፣ «ውሻው ነከሰሽ?» ሲል ቀለደ። አልተመለስሁም። ሽማግሎችን ስለካ አንድ ነገር ደጋግሞ አሳፍሮኝ ነበር፦ ለክቼ፣ ጽፌ፣ አመስግኜ እወጣለሁ። አሁን የምማረው ለክቶ የማይወጣ ሰው ምን እንደሚያደርግ ነው። ዘግይቻለሁ፤ አውቃለሁ። ልጅቷ ለጠየቀችኝ መልሱ ይህ ነው።

አንድ ነገር ግን ቀርቶኛል። ኮሌጅ ከመመዝገቤ በፊት ባሕር ዳር ሄጄ ትብለጥን ፈለግኋት። ትምህርት ቤቱ በር ላይ አገኘኋት። ከስታ ነበር፤ ጥቁሯን አላወለቀችም። አንድ ዛፍ ሥር ተቀመጥንና ሁሉንም ነገርኋት፦ መቁጠሪያውን፣ ሩብ ሰዓቱን፣ መናገር ክልክል መሆኑን፣ ለምን እንደተናገርሁ። ተዘጋጅቼበት ነበርና ሳላቋርጥ ጨረስሁ። ብትሰድበኝም ለመቀበል ተዘጋጅቼ ነበር።

ትብለጥ ደብተሮቿን ጭኗ ላይ አስተካከለች።

«አባዬ ሲያጉረመርሙ በመስኮት አይቻቸዋለሁ» አለች። «የራሳቸው ጸሎት እንዳልሆነ አውቄያለሁ። ልጃቸው ነኝ፤ ጸሎታቸውን አውቀዋለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ሂጂ እንድትይኝ ነበር የፈለግሁት።»

የትምህርት ቤቱ ደወል ተደወለ፤ ተማሪዎች እየተንጫጩ በአጠገባችን አለፉ፤ እሷ ግን አልተነሣችም።

«ያ መዝገባችሁ አለ?» አለችኝ።

«አለ።»

«አባዬ ዛሬም ሙሉ ናቸው?»

«ሙሉ ናቸው» አልኋት።